ገጽ ሰባ ሁለት

የከተማችንን ስም አልጠራም። ብጠራውም አታውቁትም፤ ብታውቁትም «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ማለታችሁ አይቀርም። እኛም እንደዚያ ነበር የምንለው።

የድሮው ቤተ ጸሎታችን ትዝ ሲለኝ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ላይ የሚመጣው የመስኮቶቹ ደፍ ነው። ስድስት መስኮት ነበረው፤ ሦስት በቀኝ፣ ሦስት በግራ። መዝጊያ የላቸውም። ደፋቸው የወይራ እንጨት ሲሆን በእንጨቱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቦረቦሩ ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች ነበሩበት። አናጢ የሠራቸው አይደሉም። ሦስት ትውልድ ሙሉ በየእሑዱ ክርኑን እዚያ እያሳረፈ ቃሉን ያዳመጠ ሕዝብ የቦረቦራቸው ናቸው። ዝናብ ሲጥል ውሃ ይቋጥራሉ፤ ድንቢጦች እየመጡ ይጠጡባቸዋል። አባቶች ጸሎት ሲያደርሱ እኔ የድንቢጦቹን አንገት እያየሁ ነው ያደግሁት። አሁን ያ ሁሉ የለም።

በመስኮት ማን ነው የሚያዳምጠው ትሉ ይሆናል። በከተማችን ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። የጆሮው ጫፍ ከጉንጩ ጋር የተጣበቀ ሰው ጥብቅ ይባላል። የጆሮው ጫፍ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ልቅ ይባላል። ጥብቆች ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ገብተው ይሰማሉ፤ ልቆች በመስኮት ይሰማሉ። ልማዱ መቼ እንደ ተጀመረ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ ከጥንት የመጣ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። የልቅ ጆሮ ስለሚወዛወዝ ቃሉ በቅርብ ከደረሰው ያናውጠዋል፣ በመስኮት ሲወጣለት ግን ረጋ ብሎ ይደርሰዋል ይባል ነበር። ይህን ያጠኑ ሊቃውንት ነበሩን።

ልጅ ክርስትና በሚነሣበት ዕለት ጆሮ ለኪው ክር ይዞ ይመጣል። የጥብቅ እናት የልጇ ጆሮ ካጠራጠራት ከዋዜማው ጀምሮ በሰም ታጣብቀዋለች፤ ካደገም በኋላ ሻሽ ታስርለታለች። በከተማችን ሻሽ የሚያስር ወንድ ብዙ ነበር። ለምን እንደሚያስር ማንም ማንንም አይጠይቅም። አንድ ጆሮው ጥብቅ፣ አንድ ጆሮው ልቅ የሆነ አንድ ሰውም ነበረን፤ እሱ የበሩ ደፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። በገባንና በወጣን ቁጥር ስለምንረግጠው ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ክፉ ሰዎች አልነበርንም።

የቤተሰቤ አግዳሚ ከቀኝ ሦስተኛው መስኮት ሥር ነበር። በዚያ መስኮት ደብሪቱ የምትባል የልቆች ልጅ ከአባቷ ጋር ትቆማለች። እኩያዬ ናት። ክርኗ ገና ደፉ ላይ ስለማይደርስ አባቷ ድንጋይ አምጥቶ ከእግሯ ሥር አደረገላት። ጸሎት ሲረዝም የተቆላ ሽምብራ ከኪሷ አውጥታ በአናቴ ላይ ታንጠባጥብልኛለች፤ እኔም ጎንበስ እያልኩ ለቅሜ እበላለሁ። እናቴ እየሰገድኩ ይመስላት ነበርና ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ትሑት ነው» ብላ አውርታለች።

ከአትሮንሱ በላይ የጌታችን ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ሠዓሊው ብልህ ሰው ነበር፤ ጸጉሩን ዘለግ አድርጎ ጆሮዎቹን ሸፍኗቸዋል። አንድ እሑድ ደብሪቱ አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ፣

«የእሱስ ጆሮ የትኛው ነው?» አለችኝ።

እኔ ጥያቄውን ለአባቴ አቀበልኩ። አባቴ ለበሩ ኃላፊ ለአለቃ ምናሴ አቀበለ። አለቃ ምናሴ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ። ሦስት ቀን ጾመው «ጸጉሩ የተሳለው እንዳይጠየቅ ነው» የሚል መልስ ይዘው ወጡ። ከተማው በዚህ መልስ እጅግ ተጽናና። ደብሪቱ ብቻ አልተጽናናችም።

አሁን ስለ መጽሐፉ ልንገራችሁ። የከተማችን የእምነት አባት አባ ጽጌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንጌልን ለሕዝቡ ሲያስረዱ ኖረው፣ ያስረዱትን በአንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ጽፈው ነው ያለፉት። መቶ ሃምሳ ቅጠል ነው፤ ቀለሙ እንዳይተላለፍ ብለው የእያንዳንዱን ቅጠል አንድ ፊት ብቻ ጽፈውበታል። እሳቸው ካለፉ ብዙም ሳይቆይ እሑድ ቀን መብረቅ ወድቆ የሣር ጣሪያው ተያያዘ። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በበሩ ሲጋፋ የደብሪቱ አያት በመስኮት ዘሎ ገብቶ መጽሐፉን አወጣው። ሁለት ጣቱ ተቃጠለ። ውስጥ ገብቶ ስለተገኘ ተቀጣ፤ መጽሐፉን ስላዳነ ተመሰገነ። ቅጣቱንም ምስጋናውንም በአንድ ቀን ያነበበለት አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱንም በተመሳሳይ ድምፅ አነበበለት ይባላል።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች መጽሐፉ ሁለተኛ በአንድ ቦታ መቀመጥ የለበትም ብለው ወሰኑ። ስፌቱ ተፈትቶ አንዳንድ ገጽ ለየቤቱ ታደለ። ከተማው መቶ ሃምሳ አባወራ ነበርና ልክ ልኩን መጣ። ከመቶ ሃምሳው አሥራ አንዱ ልቆች ናቸው። መጽሐፉን ላዳነ ሰው ወገን ገጽ መንፈግ ነውር ስለሆነ ለእነሱም ደረሳቸው።

ችግሩ የመጣው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፦ በየእሑዱ ሦስት ገጽ ይነበባል። ገጽ ጠሪው ቆሞ የገጹን ቁጥርና የባለቤቱን ስም ይጠራል፤ የተጠራው ሰው «አለሁ» ብሎ ወደ አትሮንሱ ይወጣና ያነባል። አትሮንሱ ያለው ውስጥ ነው። ልቆች ውስጥ አይገቡም። ገጹን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ደግሞ አደራ መብላት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የልቅ ገጽ ሲደርስ፣ ገጽ ጠሪ የነበረው አያቴ ትንሽ አሰበና «ይዘለላል» አለ። ሕዝቡም ምን እንደሚመልስ ስላላወቀ «አሜን» አለ።

ለዚያች እሑድ ብቻ የታሰበ ነገር ነበር። እያደር ግን ዜማ ወጣለት። እኔ ነፍስ ሳውቅ «ይዘለላል» ከሚባሉት ሁሉ የሚወደደው ክፍል እሱ ነበር፤ አሮጊቶች ሲያለቅሱበት አይቻለሁ።

እኛ ቤት የደረሰው ገጽ ሰባ አንድ ነው። እነ ደብሪቱ ቤት የደረሰው ገጽ ሰባ ሁለት ነው። የእኛ ገጽ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ወደ ቤቱ በገባችሁ ቁጥር ጌታ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም»። በቃ። ብራናው እዚያ ላይ ያልቃል።

መቼም የከተማችን ሰው እግዚአብሔርን ይፈራል። ጌታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ እሱን ሳያውቁ መሞት ያስፈራል። ስለዚህ «የእርሱም ጉባኤ» የሚባል ጉባኤ ተቋቋመ፤ ሥራው ከ«እርሱም» ቀጥሎ ያለውን ማወቅ ነው። መጽሐፉ ሳይፈታ የሰሙ አዛውንት ተጠየቁ፤ እያንዳንዳቸው የሚመቻቸውን አስታወሱ። አንደኛው ንጹሕ ልብስ ነው አሉና ከተማው አሥር ዓመት ልብስ ሲያጥብ ኖረ። ቀጥሎ በሰዓቱ መድረስ ነው ተባለ፤ ሰው እርስ በርሱ ለመቅደም ሲል በሌሊት መምጣት ጀመረ። ጉባኤው በየዓመቱ ይሰበሰባል፣ ይጾማል፣ ይጽፋል። ገጽ ሰባ ሁለትን የያዘው ሰው በቀኝ ሦስተኛው መስኮት ላይ ክርኑን አስደግፎ ያያቸዋል። የመጠየቅ ሐሳብ አልመጣላቸውም አልልም፤ መጥቶላቸው ነበር። ነገር ግን ከአትሮንሱ ውጭ የተነበበ ገጽ ንባብ ሳይሆን ወሬ ነው የሚል ደንብ ነበር።

አንድ ዓመት የደብሪቱ አባት አልቻለም። አያቴ «ይዘለላል» ከማለቱ በመስኮቱ ሆኖ ገጹን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አለቃ ምናሴ ሮጠው ደወሉን ደወሉ፤ እስኪጨርስ ድረስም አላቆሙም። ከዚያ ወዲህ «ይዘለላል» በተባለ ቁጥር ደወል አብሮ ይደወል ጀመር። የጉባኤው የዚያ ዓመት ውሳኔም ጌታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ከፍ ያለ ደወል ቤት መሆኑን የሚገልጽ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነን ደብሪቱን ከምንጩ ዳር አገኘኋትና፣

«ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፤ ከ‹እርሱም› ቀጥሎ ምንድን ነው?» አልኳት።

እንስራዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። ያን ቀን ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላው ጆሮዋ ይታይ ነበር፤ ትንሽዬ የብር ጉትቻ አንጠልጥላበታለች። ጥብቅ ሴት እንዲያ ያለ ጉትቻ አያምርባትም፤ እኔ ሲያምርባት አየሁ።

«አንድ ቀን ገጽ ጠሪ ትሆን የለ?» አለችኝ።

«እሆናለሁ።»

«እንግዲያው ያን ቀን ጥራኝ። በስሜ ጥራኝ። ያኔ ትሰማለህ።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«አንተ ጥራ እንጂ እነሱ ምን አገባቸው?» ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

አባቴ ከአያቴ ተረከበ፤ እኔ ከአባቴ ተረከብኩ። አባቴ ሊሞት ሲል የመከረኝ አንድ ነገር ነው። «ቢያድግልኝ ልጄ» አለኝ፤ «ስትዘል ድምፅህን ዝቅ እንዳታደርግ። ዝቅ ካደረግህ ሰው የጎደለ ነገር ያለ ይመስለዋል።» ሠላሳ አንድ ዓመት ገጽ ጠራሁ። በዓመት አሥራ አንድ ጊዜ «ይዘለላል» አልኩ። የአሥራ አንዱን አሥሩን በደህና ድምፅ ነው ያልኩት። ገጽ ሰባ ሁለት ላይ ስደርስ ግን በየዓመቱ እቻኮላለሁ። ደብሪቱ ከአባቷ በኋላ ገጹን ይዛ በዚያው መስኮት ትቆማለች፤ በየዓመቱም የካቲት መጨረሻ ላይ፣ እሑዷ ስትደርስ፣ ነጭ ለብሳ ትመጣለች። እንደሚጠራት ሰው ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው። ይህ ነበር የሚገድለኝ።

ለምን አልጠራኋትም? እስቲ እውነቱን ልናገር። እኔም ሻሽ ከሚያስሩት ነኝ። ግራ ጆሮዬን እናቴ በሰም አጣብቃዋለች፤ ሰሙ በየወሩ ይታደሳል። እናቴ ስታርፍ ምስጢሩ ለእኔ ቀረ፤ ሰሙንም ራሴ እለጥፍ ጀመር። የልቅ ስም ከአትሮንስ ላይ የጠራ ሰው ጆሮው እንደሚመረመር አውቅ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ወደ መጨረሻው የደረሰው ጉባኤው አዲስ ውሳኔ ባወጣበት ዓመት ነው። ጌታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ጸጥታ ሆኖ ተገኘ። በመስኮት ሳል ይገባል፣ የልጅ ለቅሶ ይገባል፣ የየካቲት ነፋስ አቧራ ያስገባል። ስለዚህ ስድስቱም መስኮቶች የማይከፈት መስታወት እንዲገባላቸው ተወሰነ። ልቆችም ቅር እንዳይላቸው መስታወቱ ጥርት ያለ ይሁን ተባለ፤ ከእንግዲህ እንደ ልባቸው ያያሉ። መስታወቱ የሚገባው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ያለችው እሑድ ደግሞ የእኔና የደብሪቱ ገጽ የሚደርስባት እሑድ ነበረች።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደብሪቱ ቤቴ ድረስ መጣች። በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባችም። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ከትከሻዬ በላይ ያለውን ነገር የምታይ ትመስላለች።

«ቢያድግልኝ» አለችኝ፤ «ፊደሉ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ግን በቃሌ ነው። ነገ ካልጠራኸኝ ከማክሰኞ ወዲያ ብትጠራኝም አልሰማህ፤ ብሰማህም አትሰማኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አያቴ ጣቱን ሰጥቶበታል። አባቴ ደወል ተደውሎበት፣ ሲሞት እንኳ ጆሮው ይጮኽበት ነበር። እኔ ምንም አልፈልግም። ውስጥ ገብቼ ልቀመጥ አላልኩም። ልንገራችሁና ልሂድ ነው የምለው። እንዴት ሰው የተላከበትን ሳያደርስ ይሞታል?»

«ነገ እጠራሻለሁ» አልኳት።

«በእግዜር?»

«በእግዜር።»

እጇን ዘረጋች፤ እጄን ፈልጋ አገኘችውና የሆነ ነገር አስጨብጣኝ ሄደች። ሳየው የተቆላ ሽምብራ ነው። በራፌ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቃ ምናሴ መጡ። አሁን ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል። ስለ ነፋሱ አወሩኝ፤ ስለ መስታወቱ አወሩኝ። ሲነሡ ሻሼን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ላላ ብሏል መሰለኝ ልጄ፤ ነገ ትልቅ ቀን ነው፣ ጠበቅ አድርገው» አሉኝ።

እሑድ ደብሪቱ ነጭ ለብሳ መጣች። ክርኖቿን ከአያቷ ጀምሮ በተቦረቦሩት ጎድጓዳዎች አስገብታ ብራናውን በሁለት እጇ ያዘች። ገጽ ሰባ ተነበበ። የራሴን ገጽ ራሴ አነበብኩ፤ «ጌታ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም» ላይ ደረስኩና ቀና አልኩ። ደብሪቱ ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ አፏን ከፈት አድርጋለች፤ «አለሁ» ልትል ነው። አለቃ ምናሴ ከበሩ አጠገብ ቆመው ቀስ ብለው የራሳቸውን ጆሮ አከክ አደረጉ።

«ይዘለላል» አልኩ።

ደወሉ ተደወለ። ሕዝቡ አሜን አለ። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም፤ አባቴ ቢሰማኝ ይኮራብኝ ነበር።

ደብሪቱ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። አፏን ዘጋችው። ብራናውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ የመስኮቱን ደፍ አንድ ጊዜ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ሄደች።

ማክሰኞ መስታወቱ ገባ። ደፉ ለመስታወቱ እንዲመች ተላገ፤ የክርን ቦታዎቹም አብረው ተላጉ። ልቆች ሦስት እሑድ መጡ። የእኛን ከንፈር ሲያዩ ቆይተው ይመለሳሉ። ልጆቻቸው መስታወቱ ላይ እያነፈሱ በጣታቸው ይሥሉበት ነበር። በአራተኛው እሑድ አንድም ሰው አልመጣም። አሥራ አንዱም ቤት እቃውን ጭኖ ከኮረብታው ማዶ፣ አንድ ትልቅ ወርካ ያለበት ቦታ ሰፈረ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዳችንን ያወቅነው። መዝሙር ጀመርን። የመጀመሪያውን ስንኝ አልነው። ቀጥሎ ዝም አልን። አዝማቹን የሚቀበለው ማን እንደነበረ ማንም አስቦት አያውቅም ነበር። ከመስኮት ነበር የሚመጣው። ያ የእነሱ ወፍራም ድምፅ፣ ከደጅ ተነሥቶ ጣሪያውን ሞልቶ በእኛ ላይ የሚወርደው ድምፅ፣ ለካ የመዝሙሩ ግማሽ እሱ ነበር። እኛ ግማሹን ይዘን ቆመን ተያየን። አለቃ ምናሴ ትንሽ አሰቡና «ይዘለላል» አሉ። አዝማቹ ተዘለለ። ዓመቱን ሙሉ ስንኝ እንልና፣ አዝማቹ የሚያልቅበትን ያህል ዝም ብለን ቆመን፣ ሌላ ስንኝ እንል ነበር። ጉባኤው ጸጥታው እጅግ ያማረ መሆኑን በጽሑፍ ገለጸ።

እንዲህ እያለ ዓመቱ ዞሮ የካቲት መጣ። የገጼ እሑድ ቀድሜ ገብቼ አትሮንሱን ስወለውል፣ በቀኝ ሦስተኛው መስኮት ላይ የሆነ ነገር ብርሃኑን ሲያደበዝዘው አየሁ። ቀረብኩ። ከደጅ በኩል፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ብራና በሊጥ ተለጥፏል። የጠዋት ፀሐይ ከኋላው ስለመጣ ቀለሙ ደም መስሎ ይነበባል። የአባ ጽጌ እጅ ነው። የላይኛውን መስመር አነበብኩት። ከዚያ አግዳሚያችን ላይ ተቀመጥኩና ሰው እስኪሞላ ድረስ አልተነሣሁም።

ገጽ ሰባ ተነበበ። የራሴን አነበብኩ። «ጌታ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም» አልኩ። ከዚያ ከአትሮንሱ ወርጄ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። «ገጽ ሰባ ሁለት፤ ወይዘሮ ደብሪቱ!» ብዬ ጠራሁ። ስሟ በዚያ ቤት ውስጥ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። «አለሁ» የሚል አልነበረም። እኔው ከመስታወቱ ላይ አነበብኩት፦

«ደጅ ላይ ማንን ትታችሁ እንደ ገባችሁ ነው።»

ስልሳ ዓመት የተፈለገው ይኸው ነበር። ልብስ አልነበረም፤ ደወል አልነበረም፤ ጸጥታም አልነበረም። የበሩ ደፍ ላይ የሚቀመጠው ሰው ብቻ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣ። አለቃ ምናሴ ከበሩ ሆነው ዙሪያውን አዩ።

«ይዘለላል» አሉ።

ደወሉ ተደወለ። ሕዝቡ አሜን አለ።

ሻሼን ፈታሁና አትሮንሱ ላይ አስቀመጥኩት። ሰሙን ከጆሮዬ ላይ በጥፍሬ ፍቄ አነሣሁት፤ ጆሮዬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ታፍኖ ነበርና አየር ሲነካው በረደኝ። ሻሽ ያሰሩት ወንዶች ሁሉ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አንሥተው ነበር፤ ስንት እንደነበሩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ገጽ ሰባ አንድን ይዤ፣ ደፉ ላይ ያለውን ሰውዬ ሳልረግጠው ተሻግሬ ወጣሁ።

ኮረብታውን ስወጣ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። ከላይ ሆኜ ያ ድምፅ ደረሰኝ፤ አዝማቹ። ስንኙ ከማን እንደመጣ አይታወቅም፤ ሁሉም አብረው ያወጣሉ፣ ሁሉም አብረው ይቀበላሉ። ወርካው ሥር ግድግዳ የለም፣ በር የለም፣ መስኮት የለም። የዛፍ ግንድ አጋድመው ተቀምጠውበታል። ደብሪቱ መሐል ላይ ናት። ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቷል። መዝሙሩ ሲያልቅ የእግሬን ኮቴ ሰምታ ቀና አለች።

«ማነህ?»

«ገጽ ሰባ አንድ ነኝ» አልኳት።

ሰዎቹ አጉረመረሙ። እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው።

«እስቲ አንብበው» አለችኝ።

ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ ተሰባበረብኝ፤ ዝቅም አለ። «ወደ ቤቱ በገባችሁ ቁጥር ጌታ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም» ብዬ ቆምኩ። እሷ ትቀጥላለች ብዬ ጠበቅሁ። በቃሏ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ነው። አልቀጠለችም። ድንቢጦች ብቻ ከወርካው ላይ ይንጫጫሉ።

«ቀሪውን አንብበኸዋል» አለችኝ በመጨረሻ። «ባታነበው ኖሮ አትመጣም ነበር። አሁን የሚቀረው መልሱ ነው። መልስ።»

ከፊቷ ተንበረከክሁ።

«አንቺን» አልኳት።

ግንዱን በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።